ከግድግዳው ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ

ደክሞኛል። ውሸታም ሰው ቢደክመው አይገርምም፤ ውሸት ቀን ከሌት ጠባቂ ይፈልጋል። እኔን ያደከመኝ ግን እውነት ነው። አንድ ጠዋት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ቁምጣ ብቻ ለብሼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን ተናገርኩ። ሰዉ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ እውነት መናገር ሲያስፈልገኝ መጀመሪያ የምቀመጥበት እፈልጋለሁ። አሁንም ተቀምጬ ነው የማወራችሁ።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ፣ ወሰን የሚባል ሰፈር ነው፣ መብራት በፈረቃ ይመጣ በነበረበት ዘመን። ከእትዬ ዘነበች ግቢ የኋላ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ክፍሏ አልጋዬንና እኔን ትይዛለች፤ ሦስተኛ ነገር ከገባ አንዳችን መውጣት አለብን። ጠዋት ጠዋት መገናኛ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ይህን ስናገር ግጥሞቼን ያነበቡ ሰዎች «ያስታውቃል» ይሉኛል።

እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። እኔንም ከተከራይ ይልቅ እንደ ልጅ ነበር የሚያዩኝ፤ ምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ከተገኘሁ ሳልበላ አልወጣም። ልጃቸው ሔኖክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም፤ ዘንድሮ ደግሞ ካልሆነ አጎቱ ጋራዥ ገብቶ መፍቻ ያቀብላል ተብሎ ተወስኗል። የዚያ ግቢ ኑሮ በሙሉ በዚህ ፈተና ዙሪያ ይዞር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሔኖክ እያጠና ነው ተብሎ በሹክሹክታ ይስተናገዳል። ዶሮዋ እንኳ እንቁላል ጥላ ስትጮህ እትዬ እየሮጡ ወጥተው «አንቺ! ልጁ እያነበበ!» ይሏታል።

ይኸው አጎት ነው ከዱባይ ዕቃ ሲያስመጣ ለሔኖክ ፒኤስፒ ያስመጣለት። ለማታውቁት፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከኪስ ትንሽ ተርፎ የሚወጣ የጌም መጫወቻ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ማብሪያ አለችው። እሷን ሲገፏት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ መሣሪያው እንደ እሱ ያለውን ሌላ መሣሪያ በአየር ላይ ይፈልጋል። ሽቦ የለም። ኢንተርኔት የለም። ሲም ካርድም የለም። ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ ይገናኙና ሁለት ሰው አንድ ጨዋታ ውስጥ ይገባል። ከተራራቁ ይጠፋፋሉ፣ ልክ እንደ ሰው። (ይህችን የመጨረሻዋን ግጥም ላደርጋት ሞክሬ እንቢ ብላኛለች።)

እትዬ ግን ፈተናው እስኪያልፍ ብለው መሣሪያውን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሔኖክ ደግሞ አንድ ቀን ቁልፉን ከቦርሳቸው አንስቶ መሣሪያውን አወጣና ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ሳሙና ተካበት። እትዬ በየሁለት ቀኑ ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ ካርቶኑን ብድግ አድርገው በእጃቸው መዝነው፣ ደስ ብሏቸው ይመልሱታል።

እኔ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባሁ? በሞኝነት ነዋ። ሔኖክ ክፍሌ መጥቶ «ወንድሜ፣ ሁለት ሰው የሚፈልግ ዘንዶ አለ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም» አለኝ። ጨዋታው ዘንዶ ማደን ነው። እኔ ገጣሚ ነኝ፣ ቁም ነገር አለኝ፣ አልኩት። በሳምንቱ ከአንድ የመገናኛ ልጅ ሁለተኛ እጅ ፒኤስፒ ገዛሁ። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ በፕላስተር የታሰረ፣ አንዱ ድምፅ ማውጫው የማይናገር። ያን ሰሞን ስለ ዝናብ የጀመርኩት ረጅም ግጥም ነበረኝ። ዝናቡ እስከ ዛሬ አላባራም።

የእኔና የሔኖክ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው። ጭቃ ደግሞ ለዚህ ነገር እንደ ወንፊት ነው፤ እንዳለ ያሳልፈዋል። እሱ ጠረጴዛው ላይ የፊዚክስ መጽሐፉን ከፍቶ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ዘንዶ እናድናለን። መነጋገር ስለማንችል የግድግዳ ቋንቋ ፈጠርን። አንዴ ካንኳኳሁ «ተዘጋጅቻለሁ» ነው። ሁለቴ «ሽሽ» ነው። ሦስቴ «ሞቻለሁ፣ አስነሳኝ» ነው። እኔ ይህን ሕግ አክብሬ ድምፄን አጥፍቼ እጫወታለሁ። ሔኖክ ግን አፉ አያርፍም።

እንግዲህ እትዬ ዘነበች የሚሰሙትን አስቡት። መብራት የለም፤ ስለዚህ ቴሌቪዥን ነው እንዳይሉ ሰፈሩ ሁሉ ጭር ብሏል። ልጃቸው ብቻውን በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ከውስጥ ግን እንዲህ ይላል፦

«መጣ! ዘንዶው መጣ! አንተ ጅራቱን ያዝልኝ! ኧረ አቃጠለኝ! ሞትኩ! በናትህ ቶሎ አስነሳኝ!»

ከዚያ ግድግዳው ጓ፣ ጓ፣ ጓ ይላል። ከዚያ ሔኖክ በረጋ ድምፅ፣ «አይ፣ አንተም ሞተሃል እንዴ? በቃ ተወው፣ ነገ እንነሣለን» ይላል።

በሩን በርግደው ሲገቡ ልጁ ብቻውን ነው። ላብ አጥምቆታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ መሣሪያውን ሸሽጎ ፊቱ ያለው የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ወደ እኔ ክፍል መጡ። መሣሪያውን ፍራሽ ሥር ሸጉጬ ብዕር አነሳሁ።

«ልጄ፣ አንተም ትሰማለህ አይደል?»

«ምኑን እትዬ?»

«ከግድግዳው የሚያንኳኳውን።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተመቸ ጊዜ አላገኝም ነበር። ሴትዮዋ ደጄ ላይ ቆመው ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠይቁኛል። እኔ ግን ይህች አልጋ፣ ይህች ምሳ፣ ይህች «ልጄ» የምትል ቃል በዓይኔ ዞሩብኝ።

«አይጥ ይሆናል» አልኩ።

በማግስቱ ድመት መጣች። ድመቷ የእትዬን ቤት ንቃ እኔ አልጋ ላይ ሰፈረች። ሦስተኛ ነገር ስለሆነች ለሁለት ሳምንት ግማሽ ጎኔ ከአልጋው ውጭ አደረ።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ተመልሰው መጡ። ከስተዋል።

«ድመቷም መጥታ አልተወም። ደግሞስ አይጥ ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ያንኳኳል እንዴ?»

እኔ ብዕሬን አነሳሁ።

«ጌሙ ነው እንዳልል ቆልፌበታለሁ። ዛሬም አንስቼ አየሁት፤ እንዳለ ነው። ልጄን የሆነ ነገር ይዞብኛል። ከሰው ጋር ያወራል፤ ሰው ግን የለም። ዘንዶ ይላል። ሞትኩ፣ አስነሳኝ ይላል።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ጴንጤዋን ጎረቤታችንን ማርታን አማክሬያት እኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም አለ፣ አምጪው አለችኝ። መጀመሪያ በእኛ በኩል ልሞክር፣ ካልሆነ ወደ እናንተ አመጣዋለሁ ብያታለሁ። ሰኞ ጠዋት እንጦጦ ጸበል እንወጣለን። አንተም ትመጣለህ። ቢታገል የሚይዝልኝ ወንድ ያስፈልገኛል።»

ልጁን እንዲይዝላቸው የጠሩት ልጁን የያዘውን ራሱን ነው። ምን ልበል? «እሺ እትዬ» አልኩ።

እንደወጡ ሔኖክ ጋ ሮጥኩ። «እንንገራቸው» አልኩት።

«አቦ ተው! ማዘር ነቄ ካለች ሁለቱንም ለቆራሌው ነው የምትሰጠው። አንተንም አብራ።»

«ጸበሉስ?»

«አንድ ጠዋት ነው። እጠመቃለሁ፣ ለቀቀው ይባላል፣ ማዘር ተኝታ ታድራለች፣ እኔም በሰላም እፈተናለሁ። ምንም ያልያዘውን ሰው መልቀቅ ምን ያቅታል?»

ልጁ በሎጂክ ጎበዝ ነው። ፈተናው ላይ ለምን እንደከዳው አይገባኝም። ፈተናው የሚጀመረው ከዚያ ሰኞ በሳምንቱ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ነበር።

ሰኞ ሳይነጋ ተነሣን። ከወሰን መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ። እኔ ሁለት ባዶ ቢጫ ጀሪካን ታቅፌ በየታክሲው ውስጥ እንቅልፌን እጨርሳለሁ። ተራራው ላይ ስንደርስ ባሕር ዛፉ በጉም ተሸፍኖ ወገቡ ብቻ ይታያል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ታጥፎ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የእኔን ሸክም ከእነሱ ጋር አስተያየሁትና አፈርኩ። ቢሆንም ከበደኝ።

የሄድንበትን ጸበል ስም አልጠራም። በዚያ ተራራ ጸበሉ ብዙ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የጸበሉ አይደለም። የወንዶችና የሴቶች መጠመቂያ በቆርቆሮ አጥር ተለይቷል። እትዬ ወደ ሴቶቹ በኩል አለፉና ከቆርቆሮው ማዶ ሆነው ተጣሩ።

«ልጄ! ያዝልኝ እሺ!»

«ይዤዋለሁ እትዬ!»

ሔኖክ ቀድሞ ገባ። አጥማቂው ፂማቸው የረዘመ፣ ድምፃቸው ለስላሳ መነኩሴ ናቸው። ውሃው ከተራራው ሆድ የሚመጣ ስለሆነ ቅዝቃዜውን ልገልጽላችሁ አልችልም፤ በግጥምም ሞክሬው ጣቴ ደነዘዘ። የመጀመሪያው ጆግ ሔኖክ አናት ላይ ሲያርፍ፣ ልጁ ለሦስት ወር አፉ የለመደውን ለቀቀው።

«ሞትኩ! አስነሳኝ!»

ከቆርቆሮው ማዶ እትዬ ጮኹ። «ይኸው! ይኸው አባ! ቤትም እንዲህ ነው የሚለው! እሱ ነው!»

መነኩሴው ራሳቸውን ነቀነቁ። መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ጥቂት ጸለዩና፣ «ሁለት ሱባኤ ይያዝ። አሥራ አራት ቀን እዚሁ ይሰንብት» አሉ።

ሔኖክ ብርዱን ረሳ። «አባ፣ አይሆንም! ሰኞ ፈተና አለብኝ! የመጨረሻዬ ነው!»

«ፈተና ይደርሳል ልጄ።»

ሔኖክ ወደ ቆርቆሮው ዞረ። «እማ! ንገሪያቸው!»

እኚያ ለፈተናው ብለው ዶሮ ዝም የሚያሰኙ ሴት፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «ይቅር አባ» አሉ። «ፈተናው ይቅር። ጋራዥም ይግባ። ልጄ ብቻ ይዳንልኝ።»

ሔኖክ አየኝ። እኔም አየሁት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ሎጂኩ አልቆበታል። ሦስት ወር ሙሉ ዘንዶ ፊት ስንቆም እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ያኔ ነው ድካሙ የጀመረኝ።

«አባ» አልኩ። «ልጁ ምንም የለበትም። እኔ ነኝ።»

ጆግ የያዙት ሁለቱ አስተናባሪዎች ዞሩ። መነኩሴውም ዞሩ።

«አንተ ማን ነህ?»

«ከግድግዳው ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ጆግ ውሃ ፊቴ ላይ አረፈ። ሸሚዜንና ሱሪዬን መቼ እንዳወለቁልኝ አላውቅም፤ ልምድ ያላቸው ልጆች ናቸው።

«ተናገረ! እሰይ! ተናገረ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«በምን ያዝከው?» አሉ መነኩሴው።

«በ… በአየር ነው አባ። ሽቦ የለውም። በአየር ነው የሚገናኘው።»

«የአየር ነው!» የሚል ድምፅ ሕዝቡ መካከል እንደ ንፋስ አለፈ። ሁለተኛ ጆግ ወረደ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን አባ። እስከ አራት ድረስ ግን ይቻላል።»

«አራት! አራት ናቸው!»

«ኧረ አይደለንም! ይቻላል ነው ያልኩት!»

ሦስተኛ ጆግ። በዚህ ጊዜ እየተናገርኩ ስለነበር ግማሹን ጠጣሁት።

«ምልክትህ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ መብራት… ብልጭ ብልጭ ይላል።»

«ከምን ያህል ርቀት ትይዛለህ?»

«ከአሥር ሜትር በላይ እንኳ አይሠራም አባ። ሲርቅ ይቋረጣል።»

አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ማፈግፈግ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሲሄዱ አይቻለሁ። አሥር ላይ ሲደርሱ ለጥንቃቄ ሁለት ጨመሩ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን በሙሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ከዚህ ሌላ የምጨምረው እውነት የለኝም። መነኩሴውን ተውኩና ወደ ቆርቆሮው ዞርኩ።

«እትዬ!» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሲያንኳኳ የነበረው እኔ ነኝ፤ አይጥ አይደለም። ልጁን ከጥናቱ ያስተጓጎልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ዛሬውኑ ከቤትዎ እወጣለሁ። እሱ ይፈተን።»

«እወጣለሁ አለ!» እልልታው ከወንዶቹ በኩል ተነሥቶ ቆርቆሮውን አልፎ ሴቶቹ ጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ሊሰማኝ!

መነኩሴው በመስቀላቸው ትከሻዬን በቀስታ መታ መታ አደረጉና ፍርዱን ተናገሩ። በልጁ ላይ የነበረው ለቅቆ ወደ ጓደኛው ተሻግሮ ነው የለፈለፈው። ልጁ ነፃ ነው፣ ይሂድ፣ ይፈተን። «አንተ ግን» አሉኝ በርኅራኄ፣ «ከነገ ጀምሮ ሰባት ቀን በጠዋት ትመላለሳለህ።»

ሔኖክ ልብሱን እየለበሰ፣ «አየህ፣ አንድ ጠዋት ነው ብዬህ አልነበር?» አለኝ።

ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱን ጀሪካን ሙሉ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ እትዬ ወደ መስኮቱ እያዩ ጀመሩ።

«ጸበል ስመላለስ ስንት ዓመቴ ነው። ሰይጣን ሲጮህ ሰምቻለሁ። ሲሳደብ ሰምቻለሁ። ሲያለቅስም ሰምቻለሁ። እትዬ ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ ገጥሞኝ አያውቅም።»

ሔኖክ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር አልነበረውም።

«የታለ?» አሉት።

ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ ሰጣቸው። ጸበል ድረስ ይዞት መጥቷል!

«የአንተስ?»

«ፍራሼ ሥር ነው እትዬ።»

«ታዲያ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ሳሙና» አለ ሔኖክ።

«የገላ ነው የልብስ?»

«የልብስ።»

«እኔ ደግሞ ሳሙናው የት ገባ እያልኩ ሠራተኛዋን ስጠረጥር!» አሉና መሣሪያውን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፉት።

ያኔ ድፍረት አገኘሁ። «እትዬ፣ እንግዲህ እውነቱን ካወቁ፣ ያ ሰባት ቀን የሚባለው…»

«ትጨርሰዋለህ።»

«ምንም የለብኝም እኮ!»

«ድመት ያስመጣኝ ማን ነው? ሰይጣን ባይኖርብህ ውሸት አለብህ። ይውጣልህ።»

«ቤቱስ?»

አሁን ዞረው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ እሳቸውም እንደ እኔ የደከማቸው ናቸው። «ዛሬ እወጣለሁ ብለህ በዚያ ቦታ ቆመህ ተናግረሃል። እዚያ የተነገረ ቃል በእኔ ምክንያት አይታጠፍም።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። እትዬ መንገድ ተሻግሮ ካለው ከአክስታቸው ልጅ ግቢ አንድ ክፍል እሳቸው ራሳቸው ለምነው አገኙልኝ። ሔኖክ እንዳይወጣ ተከልክሎ ስለሚያጠና አልጋውን የሚያነሣ ጠፋ። እትዬ ነጠላቸውን አገልድመው በእግርጌው በኩል ያዙ።

«ይተዉት እትዬ፣ ከባድ ነው።»

«አንሣ ዝም ብለህ።»

በሩ ላይ ስንደርስ አልጋው ተቀረቀረ፤ እኔ ውጭ፣ እሳቸው ውስጥ ሆነን ቆምን። እያለከለክሁ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ አልገባም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የማልከው ከቤቴ ልትወጣ ነው» አሉ እትዬ። «ስለ ምሳ የጠየቀህ አለ? በል ወደ ግራ አዘንብለው።»

ሰባቱን ቀን ተመላለስኩ። በየጠዋቱ ሳይነጋ ሦስት ታክሲ፣ አንድ ዳገት፣ ሦስት ጆግ። በአራተኛው ቀን አስተናባሪዎቹ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። በስድስተኛው ቀን ለአንድ አዲስ መጤ «ይሄ አረንጓዴ መብራት ያለበት ነው» እየተባልኩ ስጠቆም ሰማሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ቤት ገብቼ ሔኖክን ከፊዚክሱ ጥያቄ እያወጣሁ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ እኔ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። እትዬ ግን ሁለታችንንም እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የመጨረሻው ጠዋት የፈተናው ሰኞ ነበር። ከእንጦጦ ወርጄ መገናኛ ስደርስ ሔኖክ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ እርሳሱ ተቀርጿል፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ ነው። እኔ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ አፍንጫዬ ይፈስሳል።

አይዞህ ልለው አፌን ስከፍት ማስነጠስ ቀደመኝ።

ሔኖክ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና፣ «በርታ ወንድሜ» ብሎኝ ወደ ፈተናው ሄደ።